ቀዩን መልስልኝ

አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ነበር። ሚስቱ ትርሲት በቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ ዘማሪ ናት። ድምጿ? ወገኖቼ፣ ልብ ይሰርቃል! ግን መዝሙሩ መሐል ላይ ሳይታወቃት ከኖታው ትወርዳለች። ኪቦርድ ተጫዋቹም ወርዳ በሄደችበት ይከተላታል። የኛን ተጫዋቾች ታውቋቸው የለ? ዘማሪው ከፈለገበት ይጀምራል፣ እነሱ ሮጠው ይደርሱበታል! ስለዚህ ጉድለቷን የነገራት አልነበረም።

የኳየሩ አልበም ሊቀረጽ ሆነና ሶሎው፣ ብቻዋን የምትዘምረው ክፍል፣ ለትርሲት ተሰጠ። ስትመኘው የኖረችው ነገር ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ግን ሙዚቃው ቀድሞ የተቀዳ ነው፤ ማንንም አይከተልም።

ትርሲት ይህን ስታስብ ፈራች፤ ባልየው "አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ" ብሎ ፕሮግራም ጻፈላት። ማይክሮፎኑ ድምጿን ይቀበላል፤ ኮምፒውተሩ የድምጿን ከፍታ ለክቶ ከኖታው ጋር ያስተያያል። ከገጠመ መስመሩ አረንጓዴ፣ ካልገጠመ ቀይ። ዘመረች። ቀይ! ደገመች። አሁንም ቀይ! ማይኩን አስቀምጣ አለቀሰች።

አንጀቱ አልቻለም። ምን አደረገ መሰላችሁ? ፕሮግራሙን ነካካና እሷ የሄደችበትን ኖታ ሁሉ "ትክክል" እንዲል አደረገው። ኮምፒውተሩንም ኪቦርድ ተጫዋች አደረገው! ከዚያማ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነ። "አየህ፣ ተስተካከልኩ!" ትለዋለች። እሱም "ጎበዝ!" ይላታል።

ከቀረጻው በፊት በተቀዳው ሙዚቃ ልምምድ ተደረገ። የኳየሩ መሪ ጋሽ ባዩ መሐል ላይ አስቆሟት።

"ትርሲትዬ፣ ወርደሻል። እንዲህ ከሆነ ሶሎውን ለሌላ ሰው ልሰጠው ነው።"

"ኧረ ጋሽ ባዩ! ኮምፒውተሩ እኮ አረንጓዴ ነው የሚለኝ!"

አብሯት የመጣው ባልየው መሬት መሬት ያያል። ቤት ሲገቡ እውነቱን ነገራት።

"ስታለቅሺ ማየት አቃተኝ" አላት።

"ታዲያ ሰው ፊት ባለቅስ ይሻል ነበር?"

ትርሲት በጣም ተናዳለች፤ ግን ማይኩን አነሳች።

"ቀዩን መልስልኝ" አለችው።

መለሰላት። ከቀዩ ጋር ዋለች፣ ከቀዩ ጋር አመሸች። በቀረጻው ዕለት መሐል ላይ መውረድ ጀመረች፤ ግን መውረዷን ሰማችው! ማንም ሳይነግራት ሰማችና ተመለሰች። ጋሽ ባዩ ከስቱዲዮው መስታወት ጀርባ በሁለት እጃቸው አጨበጨቡ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ ማንን ነው ኪቦርድ ተጫዋች ያደረጋችሁት? ሚስታችሁን? ጓደኛችሁን? በሄዳችሁበት ሁሉ እየተከተለ "ልክ ነህ፣ ልክ ነሽ" የሚላችሁ ማነው? የእግዚአብሔር ቃል እኮ እኛን ተከትሎ ኖታ አይቀይርም! ቀይ ሲያሳየን ጠልቶን ነው? አይደለም! መዝሙሩ እንዳይበላሽብን ነው።

ዛሬ ቤታችሁ ግቡና የሚወዳችሁን ሰው "ቀዩን መልስልኝ" በሉት። ሲመልስላችሁ ግን አታኩርፉት። ማይኩን አንሱና እንደገና ዘምሩ።