የቀዮ መንዘፍዘፍ

በአንድ ወቅት ደሴ ላይ፣ ዳገት መሀል መኪና አቁሞ የእጅ ፍሬን ሳይነኩ መነሳት እንደ ትልቅ ሞያ ይቆጠር ነበር። ይህን ሞያ ለግማሽ ከተማው ያስተማሩት ጋሽ ይመር ናቸው። ሠላሳ ዓመት መንጃ ፈቃድ ፈላጊ ሲያሠለጥኑ ኖረዋል። ፍሪሲዮኑን ግማሽ ለቅቆ፣ ነዳጁን ረገጥ አድርጎ፣ መኪናዋን ባለችበት ቀጥ አድርጎ መያዝ ያልቻለ ተማሪ እሳቸው ዘንድ አያልፍም። የእጅ ፍሬን የሳበማ ጉዱ ፈላ። «እሱ የሰነፍ ምርኩዝ ነው፤ ውረድና በእግርህ ሂድ» ይሉታል።

አሠልጣኝ ደግሞ ወንበሩ ጎን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላው ሲነዳ እሳቸው ጎን ተቀምጠው አለፈ። ለራሳቸው መሪ የሚጨብጡት አንዲት መኪና ላይ ብቻ ነበር። በጎልማሳነታቸው ከተማውን ለቆ ሊሄድ ከተነሳ አርመናዊ ነጋዴ የገዟት፣ ቀይ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ የስፖርት መኪና ናት። ሰዉ ቀዮ ይላታል። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ቀዮን አስነስተው ጦሳ ተራራ ግርጌ ድረስ ወጥተው ይመለሳሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከዓለም የቀረቻቸው ይህችው ነበረች።

ታዲያ ቀዮ ታመመች። ማርሽ ገብቶ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ወባ እንደያዘው ሰው ትንዘፈዘፋለች። መሪው፣ በሩ፣ የሹፌሩ ጥርስ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ከተንቀሳቀሰች በኋላ ምንም የለባት፤ ሕመሟ ስትነሳ ነው። ጋሽ ይመር ሦስት ልጆቻቸውን ሰበሰቡና «ሕመሟን ነቅሶ ያወጣ፣ መንዳት ባቆምኩ ቀን ቁልፏ የእሱ ነው» አሏቸው።

አንድ ነገር ግን አልነገሯቸውም። በዚያው ሰሞን ሐኪም የግራ ውስጥ እግራቸውን በመርፌ ነካ ነካ እያደረገ «ይሰማዎታል?» ሲላቸው አልተሰማቸውም። ስኳር እግራቸውን አደንዝዞታል። ፍሪሲዮን የሚረገጠው ደግሞ በግራ እግር ነው። «መንዳት ቢተዉ ይሻላል» ተባሉ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሆድ ይፍጀው አሉ። ልጆቻቸውን ሲሰበስቡ በልባቸው የሚለምኑት ሕመሙ የመኪናዋ እንዲሆን፣ የእሳቸው እንዳይሆን ነበር።

የበኩር ልጃቸው ሙህዬ ጋራዥ አለው። ሰው አፍንጫው ያያል ይለዋል። ቀዮን አንዴ አስነሳና አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አሸተተ። «ዘይት እየተቃጠለ ነው» አለ። ከሥሯ ገብቶ ካምቢዮዋን፣ የማርሽ ሳጥኗን፣ ብቻውን አወረደ። እውነትም ከሞተሩ ጀርባ ዘይት የሚያግደው ላስቲክ አርጅቶ፣ ዘይቱ እየተንጠባጠበ የፍሪሲዮኑን ሸራ አርሶታል። ላስቲኩን ቀየረ፣ አዲስ ሸራ አስመጣ፣ ቀዮን እስኪጨርስ የደንበኛ መኪና አልነካም። ጋሽ ይመር መሪ ጨብጠው ሲወጡ ሳትንዘፈዘፍ ተነሳች። «አላህ ይባርክህ፣ ገላገልከኝ» አሉት። ሦስት ጁምዓ በሰላም ወጡ። በአራተኛው መንዘፍዘፉ ተመለሰ።

ሁለተኛው ልጅ ከማል ቶርኖ ቤት ነው የሚሠራው፤ ብረት በጣቱ ጫፍ ያነባል። ካምቢዮው ዳግመኛ ሲወርድ ሸራውን ትቶ፣ ሸራው የሚያርፍበትን ከባድ ብረት፣ ቮላኖውን ዳሰሰ። የብረቱ ፊት በሙቀት ጠቋቁሯል፤ አንዱ ጋ ከፍ፣ አንዱ ጋ ዝቅ ብሏል። ያ ጠባሳ ከሌላ የመጣ አይደለም፤ ስንት ዓመት ሙሉ ዳገት ላይ በፍሪሲዮን ቀጥ አድርጎ ከመያዝ ነው። ከማል ቮላኖውን ቶርኖ ላይ ሰቅሎ ጥቂት በጥቂት እየላጨ አስተካከለው። ከዚህ ወዲያ አይላጭም፣ ሳስቷል፤ ምትኩም በአገር አይገኝም።

ከማል ግን ሌላም ነገር አይቷል። ጋሽ ይመር ሥራውን ሊያዩ ቶርኖ ቤቱ የመጡ ቀን የግራ ሸበጣቸው ደጅ ላይ ወልቆ ቀርቷል፤ እሳቸው የብረት ብናኝ ላይ በባዶ እግራቸው ቆመው ይጫወታሉ። አላወቁም። ከማል ወጥቶ ሸበጡን አመጣና ጎንበስ ብሎ አጠለቀላቸው። ዓይን ለዓይን ተያዩ። በማግስቱ የቀዮን የፍሪሲዮን ፔዳል አሰፋው፤ እግር እንዳይንሸራተት ዳርና ዳሩን ጠርዝ ሠራለት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ።

«እንዲያምርባት ነው፤ አብሽሩ አባ።»

በዚያ ፔዳል ሁለት ወር ነዱ። የሕይወታቸው ጣፋጭ ሁለት ወር ነበር፤ ፈርተው ስለነበር ይሆናል የጣፈጣቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። አባትና ልጅ ተያይዘው የደበቁት ደግሞ ጭራሽ ተስፋ የለውም። ቀዮ እንደገና መንዘፍዘፍ ጀመረች።

የመጨረሻዋ ዘምዘም ናት፤ የአባቷን ሥራ የያዘች አሠልጣኝ። ጋራዥ አልገባችም፣ ብረትም አልነካችም። «ይዘውኝ ይውጡ» አለችና ጎናቸው ተቀመጠች። ጥሩ አሠልጣኝ አንድ ዓይኑ መንገዱ ላይ፣ አንድ ዓይኑ ተማሪው እግር ላይ ነው፤ ይህን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። የአባቷ ግራ እግር ፔዳሉ ላይ ሲርገበገብ፣ ጎንበስ ብለው ካላዩት የት እንዳለ ሲጠፋቸው አየች። ዳገቱ መሀል ሲደርሱ ፊታቸው ያለው መኪና ቆመ። ጋሽ ይመርም እንደ ልማዳቸው በፍሪሲዮን ሊይዟት ቆሙ። ግማሽ የለቀቁ መሰላቸው እንጂ እግራቸው ፔዳሉን እስከ ታች ረግጦታል። ቀዮ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ከኋላ አንዲት ሸንኮራ ሻጭ ጋሪዋን እየገፋች ትወጣለች።

«ይዣታለሁ» ይላሉ ጋሽ ይመር። «ይዣታለሁ።»

ዘምዘም ያንን የሰነፍ ምርኩዝ በሁለት እጇ ሳበችው። ቀዮ ከጋሪው አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች። ከዚያ ዘምዘም አባቷን ጎን አስቀምጣ፣ ራሷ መሪ ይዛ በዚያው ዳገት ሦስት ጊዜ አቁማ ሦስት ጊዜ አስነሳቻት። አንድም ጊዜ አልተንዘፈዘፈችም።

«አባ፣ ቀዮ ድናለች» አለች። «የታመመው እግርዎ ነው። ከዛሬ ወዲያ አይነዱም።»

ቤት ሲደርሱ ቁልፉን ነቅላ መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። በዚያች ሰዓት ልጃቸውን ጠሏት። ደግሞም እውነቷን እንደሆነ ከእሷ ቀድመው ያውቁ ነበርና የባሰ አፈሩ። ሁለቱን ወንዶች አስጠርተው፣ የሐኪሙን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ሦስቱ ፊት ዘረጉት።

«አባ ያሉት የመኪናዋን ሕመም ነው» አለ ሙህዬ። «እኔ ዘይቱን ባላቆመው የማንም ብልሃት አይሠራም ነበር።»

«ቮላኖውን ባልላጨው ዛሬ የምንነጋገርባት መኪና የለችም» አለ ከማል። «እግራቸውንም ከሁላችሁ በፊት ያየሁት እኔ ነኝ።»

«አይተህ ዝም አልክ?» አለች ዘምዘም። «ያቺ ሴትዮ ብትሞትስ?»

«ሁለት ወር ሰጠኋቸው። አንቺ ምን ሰጠሻቸው?»

«እጃቸው ደም ሳይነካ ቤት መለስኳቸው» አለች ዘምዘም።

ጋሽ ይመር ቁልፉን ጨብጠው ተነሱና ወደ ግቢ ወጡ። የቀዮን በር ከፈቱ፤ በመሪው በኩል ሳይሆን በጎን በኩል። ሠላሳ ዓመት ወደኖሩበት ወንበር ተመልሰው ተቀመጡ። መዳፋቸውን ከፍተው ቁልፉን ጭናቸው ላይ አኖሩና ፊት ለፊት እያዩ ጠበቁ። የግራ ሸበጣቸው በረንዳው ላይ ወልቆ ቀርቷል። ሦስቱም ልጆች አዩት፤ አንዳቸውም አልነገሯቸውም።

እንግዲህ ዳኞቹ እናንተ ናችሁ። ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው? ያገኘውን በሐቅ ለጠገነው ለሙህዬ? አውቆ ዝም ብሎ ሁለት ወር ለሰጣቸው ለከማል? ወይስ እውነቱን ተናግራ ዓለማቸውን ለወሰደችባቸው ለዘምዘም?