ልጆቿን ያቀፈችው ፌስታል

ተረት ተረት! የሰማ ላልሰማ ያሰማ።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንዲት ከተማ ጥሩ ደንብ ወጣ። ሰው ሁሉ የግቢውን ቅጠልና የታጨደ ሣር በጆንያ አድርጎ ደጁ ላይ ያስቀምጣል። ጋሽ ዱባለ የሚባሉ ጋሪ ነጂ እየዞሩ ይሰበስቡና ለእትዬ ይመናሹ ያደርሳሉ። እትዬ ይመናሹ ደግሞ ቅጠሉን ከምረው፣ ውሃ እያጠጡ፣ በመንሽ እያገላበጡ፣ ለችግኝ የሚሆን ጥቁር ለም አፈር ያደርጉታል። "ፌስታል ብቻ እንዳታመጡብኝ!" ይሉ ነበር።

ታዲያ ሰው መቼ ይሰማል? አንዱ ሰነፍ ጆንያ መፈለግ ታከተውና ቅጠሉን በጥቁር ፌስታል ጠቅጥቆ፣ አፏን ጥብቅ አድርጎ ቋጥሮ ደጅ አስቀመጣት።

ይቺ ፌስታል ምስኪን ነበረች። ሽንኩርት ተሸክማ ታውቃለች፤ ጨው ተሸክማ ታውቃለች፤ ግን ሁሉም ቤት ሲደርስ ጥሏት ይሄዳል። አሁን ቅጠሎቹ ሆዷ ውስጥ ተቃቅፈው "እማዬ" አሏት። ወይ ደስታ! "ከእንግዲህ እነዚህን ማንም አይወስድብኝም" አለች።

ጋሽ ዱባለ ልብ ሳይሉ ከጆንያዎቹ ጋር ጋሪው ላይ ሲጭኗት ቅጠሎቹ፣ "እማዬ፣ ሞቀን፤ ትንሽ ክፈቺልን" አሉ። ጋሪውን የሚጎትተው አያ አህያ ሰማና፣ "እመት ፌስታል፣ ክፈቺላቸው እንጂ! የሚሄዱት እኮ አፈር ሊሆኑ ነው" አላት።

"አፈር? አንተው አፈር ብላ!" አለችው፤ ቋጠሮዋንም አጠበቀች።

ክምሩ ዘንድ ደረሱ። ቅጠሎቹ፣ "እማዬ፣ ትንፋሽ አጠረን" አሉ። መንሽ የብረት ጣቶቹን ዘርግቶ፣ "እመት ፌስታል፣ አንዴ ወጋ ላድርግሽና አየር ይግባላቸው" አላት።

"ከልጆቼ ጋር አንተን ምን አገናኘህ!" አለችና ተንሸራታ ክምሩ ሥር ተደበቀች።

እዚያ ደግሞ ትል ሆዬ ይኖራል። የቅጠሎቹን ልቅሶ ሰምቶ፣ "እመት ፌስታል፣ እኔ አንቺን መቅደድ አልችልም፤ ጥርስ የለኝም። በሞቴ ክፈቺላቸው! ጓደኞቻቸው እኮ አፈር ሆነው ቡቃያ ሊያሳድጉ ነው" ብሎ ለመናት።

"ልጆቼን ለትል? ምን ቆርጦህ!" ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ከዚያ ወዲያ ቅጠሎቹ ዝም አሉ። እሷም፣ "እፎይ፣ ተኙልኝ" ብላ እሹሩሩ ትላቸው ጀመር። ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናቡ ከላይ እየወረደ፣ እሹሩሩ ስትላቸው ከረመች። እኔ እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ሁሌም ሆዴ ይባባል።

መስከረም ሲጠባ እትዬ ይመናሹ ክምሩን ገለበጡት። ሌላው ቅጠል ሁሉ ያማረ አፈር ሆኗል። ፌስታሏን አገኙና ቋጠሮዋን ፈቱ። ሆዷ ውስጥ ያለው ጥቁር አተላ ነው፤ ሽታው ለጉድ።

"ኤጭ! ምን ጉድ ነው!" አሉ አፍንጫቸውን ይዘው። "ጋሽ ዱባለ፣ ይሄማ ታፍኖ ነው የሞተው። ለችግኝም አይሆን።"

"ምስኪን ቅጠል" አሉ ጋሽ ዱባለ። "ማን ጨክኖ ቋጠረው?"

አተላውን ወስደው ገደል ደፉት።

ፌስታል ባዶ ሆዷን እያየች፣ "ተኝተው ነበር እኮ" አለች። "ትል፣ ተኝተው ነበር፣ አይደል?"

ትል አንገቱን ደፋ። "ለምኜሽ ነበር" አላት።

ነፋስ አንስቶ የችግኙ አጥር ላይ ሰቀላት። ከሥሯ፣ በአዲሱ አፈር ላይ፣ ጎመኑም ቆስጣውም ለምልሟል። እሷ ቁልቁል ታያለች። አሁን አፏ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ነፋስ ይገባል፣ ነፋስ ይወጣል።

ተረቴ ይኸው ነው፤ ልብ ያለው ልብ ይበል። እቅፍ ቢላላ ልጅ ይርቃል፤ እቅፍ ቢጠብቅ ልጅ ያልቃል።