ከአንድ ቦታ የተሞሉ ዐሥር ጣሳዎች

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው አፈር መመዘን ነው። አትሳቁ! ደመወዝ የሚከፈለው አፈር እንዲመዝን ነው።

ሰውየው በሚኖርበት ቆላ አገር ላይ በየሦስት ቀኑ ማለዳ ሳተላይት ያልፋል። ከላይ ሆኖ ያይና «የዚህ አገር አፈር ይህን ያህል እርጥበት አለው» ይላል። ግን የሚያየው ከሩቅ ነው፤ በመስኖ የሚለማውንና ዝናብ የሚጠብቀውን ማሳ ደባልቆ ነው የሚያየው። ስለዚህ መሬት ላይ ሰው አቆሙ። ሰውየው ሳተላይቱ ባለፈ ቁጥር ከዐሥር ገበሬዎች ማሳ ዐሥር ጣሳ አፈር ይወስዳል፤ ይመዝናል፤ በምድጃ ያደርቃል፤ እንደገና ይመዝናል። የቀነሰው ውኃው ነው። ሳተላይቱ ከተሳሳተ «ተሳስተሃል» የሚለው እሱ ብቻ ነው።

ለምን ተቀጠረ? ለማስማማት? አይደለም። ለመመስከር ነው።

መጀመሪያ ላይ ሥራውን በደንብ ሠራ። ከዚያ የሳተላይቱ ቀን ሰኔ ሚካኤል ላይ ዋለ። በሚካኤል ቀን መሬቱን የሚያስቆፍር ገበሬ ከየት ይገኛል? «ዛሬማ አፈር አይነካም» ብለው መለሱት። ባዶ ጣሳ ይዞ ላለመመለስ መንገድ ዳር ካለው ችግኝ ጣቢያ ገባና ዐሥሩንም ከዚያ ሞላ። ጠዋት ማታ ውኃ ከሚጠጣ አፈር! «ለአንድ ቀን ነው» አለ። ቁጥሩም ከሳተላይቱ ጋር ገጠመለት። ማንም አልጠየቀውም።

በሦስተኛው ቀን ሚካኤል አልነበረም። እሱ ግን ችግኝ ጣቢያው ገባ። በስድስተኛውም ቀን ገባ። ለሰነፍ ሰው ዓመቱ ሙሉ ሚካኤል ነው።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል የቀጠረው የግብርና ጽሕፈት ቤት «እርጥበቱ በቂ ነው፣ ዝሩ» ብሎ አስነገረ።

ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ነበሩ። የመጀመሪያው ቡቃያቸው በድርቅ ተቃጥሎ የቀራቸው አንድ ቁና የማሽላ ዘር ብቻ ነው። እሱ ካልበቀለ ልጆቻቸው የሚበሉት የላቸውም። በሬ ተውሰው፣ የሚያርስ ጎረቤት አቁመው ሳለ ሰውየው በመንገድ ሲያልፍ ጠሩት።

«ልጄ፣ ዝሩ ያላችሁት የእውነት ነው?»

«አዎ፣ እማማ። የሳተላይቱም የእኔም ቁጥር አንድ ነው።»

«ሳተላይቱን እኔ አላውቀውም፤ የማውቀው አንተን ነው። ማሳዬን ለክተኸዋል ወይ?»

ሰውየው ተንበርክኮ በእጁ ቆፈረ። ሦስት ጣት ወረደ፤ ዱቄት። አንድ ስንዝር ወረደ፤ አሁንም ዱቄት። ፊቱ በላብ ራሰ።

«አይዝሩ፣ እማማ። የዋሸሁት እኔ ነኝ» አላቸው። በዚያው እግሩ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ለአለቃው ተናገረ፤ ከሥራውም ታገደ። የደብሪቱ ዘር ተረፈ። ከእሳቸው በላይ ያሉት ሰባት ቤቶች ግን በዋዜማው ዘርተው ነበር። ለእነሱ አልደረሰላቸውም።

ምእመናን፣ በዚህ ሰው ለመፍረድ አትቸኩሉ። ባልና ሚስት እንድታስታርቁ ተልካችሁ፣ ባልየው ቤት ምሳ በልታችሁ፣ ሚስቲቱን ሳታናግሩ «ተስማምተዋል» ያላችሁ ሽማግሌዎች እዚህ የላችሁም? «ልጄ ደህና ነው» የምትሉ አባቶች፣ ልጃችሁን ጠይቃችሁት ነው?

እናንተስ የችግረኞች ኮሚቴ? የተረጂዎች ዝርዝራችሁን አየሁት። ሁሉም የሚኖሩት አስፋልት ዳር ነው! ከወንዙ ማዶ የተራበ የለም እንዴ? ወይስ ጭቃው ለጫማችሁ አስፈራችሁ?

ለእናንተ ብቻ አይደለም የምናገረው። የአምናውን ዝርዝር የፈረምኩት እኔ ነኝ። ማዶ ሳልሻገር ፈረምኩ። በጾመ ፍልሰታ ከዚያ ሰፈር አንዲት አሮጊት ስንቀብር፣ ጎረቤቷ «ሦስት ቀን እሳት አላነደደችም ነበር» አለችኝ። አባ ብላ እጄን ስማ ነው የነገረችኝ። አፈርኩ፤ ዛሬም አፍራለሁ።

የዘንድሮው ዝርዝር ነገ መላክ አለበት። አልፈርምም። ዛሬ ከቅዳሴ ስንወጣ ወደ ቤት የለም፤ ወንዙን እንሻገራለን፤ እኔ ከፊት እሄዳለሁ።