ፑዲንጉ ይቅደም

ዱሮ በእንግሊዝ አገር፣ ዮርክሻየር በሚባለው አውራጃ፣ ሥጋ ከመስጠት ነፍሱን መስጠት የሚቀለው ሰር አምብሮዝ የተባለ ባለርስት ነበር። አጨዳ ሲደርስ አጫጆችን ራት ማብላት የአገሩ ደንብ ነውና አልቀረለትም፤ ዘዴ ግን አላጣም። እዚያ አገር ዱቄት፣ እንቁላልና ወተት ተመትቶ፣ ከሚጠበሰው ሥጋ ሥር ተቀምጦ ስቡ እየተንጠባጠበበት የሚበስል ፑዲንግ የሚሉት ዳቦ መሰል ምግብ አላቸው። ሰር አምብሮዝ እሱን በመረቅ አርሶ አስቀደመና፣

«ልጆቼ፣ ብዙ ፑዲንግ የበላ ብዙ ሥጋ ይሰጠዋል!» አለ።

አጫጆቹ ሥጋውን ተስፋ አድርገው ፑዲንጉን ሲሰለቅጡት አመሹ። በመጨረሻ ሥጋው ሲመጣ ማን ይጉረሰው? ሁሉም ሆዱን ይዞ ያቃስታል። ሰር አምብሮዝም ሥጋውን እንዳለ ወደ ጓዳ መለሰና፣ «እኔ ቃሌን አላጠፍኩም፤ እምቢ ያላችሁት እናንተው ናችሁ» ብሎ ሳቀ።

በማግስቱ ፈረሱን አስጭኖ ወደ እርሻው ቢወርድ፣ አንዱን አጫጅ ማጭዱን ጥሎ ከዛፍ ሥር ተጋድሞ አገኘው።

«አንተ ሰነፍ! ከመሬቴ ሳላባርርህ ምክንያትህን ተናገር!» ብሎ ጮኸበት።

አጫጁ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ጌታዬ፣ እርስዎው ያስተማሩኝን ነው። ብዙ ያረፈ ብዙ ያጭዳል ብዬ በዕረፍቱ ጀመርኩ። ምን ያደርጋል፣ ዕረፍቱን ስሰለቅጥ ጠገብኩና ለአጨዳው ቦታ አጣሁ። እህሉ ይኸው እንዳለ ቆሟል፤ እንደ ሥጋው ወደ ጓዳዎ ይመልሱት።»