ደጅ ያጣው ሬዲዮ

ተረት ልጀምር ነው፤ ቀረብ በሉ። የሚያስነጥሰውም ካለ ከአሁኑ ያስነጥስ። እንስሳት ሁሉ በሚናገሩበት በዚያ ዘመን አንድ ሬዲዮ ነበር። «ሬዲዮማ ዛሬም ይናገራል» ትሉኝ ይሆናል። ይኼኛው የሚናገረው የራሱን ነበር።

ሬዲዮውን የሠራው አያ ዝንጀሮ ነው። የሸጠችው እሜት ቀበሮ ናት፤ ገበያው ዳር ሱቅ ነበራት። የገዛችው ደግሞ ላሚቱ ቦራ ናት። ቦራ በረቷ ደጃፍ ላይ ሰቅላው ዘፈን እየሰማች ታመነዥክ ነበር። ሬዲዮው ከሁሉም ይልቅ የቦራን ትንሽ ጥጃ ይወዳት ነበር። ስትቦርቅ ሲያያት ድምፁን ከፍ ያደርግላታል።

ቀን ቀንን ሲተካ ሬዲዮው አረጀ። ዘፈኑ ሻከረ፣ ከዚያም ጭራሹን ጠፋ። ቦራ በቀንዷ ነካ ነካ አደረገችው፤ ዘፈኑ ግን አልተመለሰም። ወስዳ ከበረቷ በታች ያለው ምንጭ ዳር ጣለችውና አዲስ ገዛች።

ሬዲዮው ዝናብ ሲመታው፣ ፀሐይ ሲያደርቀው ከረመ። አንድ ቀን ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ጠብ አለ። ለካስ የባትሪ ድንጋዩ መፍሰስ ጀምሯል! ጠብታው ወደ ምንጩ ሲወርድ አየና ክው አለ። ጥጃዋ በየማለዳው የምትጠጣው ከዚያው ነው። የጠፋው ዘፈኑ እንጂ የራሱ ድምፅ አልነበረምና አላፊ አግዳሚውን መጣራት ጀመረ።

መጀመሪያ ቦራ መጣች።

«እሜት ቦራ፣ አንሺኝ! ሆዴ እየፈሰሰ ነው፤ ውሃው ይበላሻል!»

«እኔ የገዛሁት ሬዲዮ ነው። አንተ ደግሞ ሬዲዮ መሆን ካቆምክ ሰነበትክ። የሸጠችልኝ ታንሳህ» አለችና ሄደች።

ቀጥላ እሜት ቀበሮ መጣች።

«እሜት ቀበሮ፣ አንሺኝ! ሆዴ እየፈሰሰ ነው፤ ውሃው ይበላሻል!»

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም! ሱቄ በር ላይ በትልቁ ተጽፏል። የሠራህ ያንሳህ» አለችና ሄደች።

በመጨረሻ አያ ዝንጀሮ መጣ። ሬዲዮው መቼም አባት ልጁን አይጥልም ብሎ ደስ አለው።

«አያ ዝንጀሮ፣ አንሣኝ! ሆዴ እየፈሰሰ ነው፤ ውሃው ይበላሻል!»

ዝንጀሮ ግራ ቀኙን ቃኘ። ጎንበስ አለና ሬዲዮው ጀርባ ላይ ያለውን የራሱን ምልክት በጥፍሩ ፋቀው። «እኔ አንተን አላውቅህም» አለና ሄደ። ሬዲዮው እንባ ባይኖረውም አለቀሰ።

ብዙም ሳይቆይ ጥጃዋ ታመመች። ሆዷ ተነፋ፣ እግሯ ከዳት። ቦራ እሪ አለች። የመንደሩ ዳኛ አባ ኤሊ ይህን ሰምተው አውጫጭኝ ጠሩ። አውጫጭኝ ማለት አገሬው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ጉዱ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የሚያውቅ ሰውም ቂም እንዳይያዝበት «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ይናገራል። ወፍን ማን ይጣላታል?

እሜት ቀበሮ ብድግ አለች። «ሬዲዮው ነው ያሳመማት፤ ወፍ ነገረችኝ።»

አያ ዝንጀሮ ፈጠን ብሎ ተነሣ። «ሬዲዮ እኮ ቆርቆሮና ሽቦ ነው! ውሃው ምንም አልሆነም። ጥጃዋን ቡዳ በልቷት ይሆናል። እኔንም ወፍ ነግራኛለች።»

ዛፉ ላይ የነበረችው ወፍ፣ «ኧረ በሕግ አምላክ! እኔ ለማንም አልነገርኩም!» ብላ ጮኸች። ሜዳው በሳቅ ተናጋ።

ቦራ ግን አልሳቀችም። «ልጄ ልትሞትብኝ ነው! ይኼ ሬዲዮ ይቃጠልልኝ!» አለች። ሬዲዮውን ከምንጩ ዳር አመጡት፤ ማገዶም ተለቀመ።

ሬዲዮው በጣም ፈራ። ቢሆንም ተናገረ። «ብታቃጥሉኝ ጭሴን ትተነፍሱታላችሁ። ቦራ ጣለችኝ፤ ቀበሮም ዝንጀሮም አንሡኝ ብላቸው ጥለውኝ ሄዱ። የሠራኝ አያ ዝንጀሮ ነው። ሆዴን ከፍቶ መርዙን ያውጣልኝ።»

«ውሸቱን ነው! ምልክቴ የታለ?» አለ ዝንጀሮ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፤ የሁሉም ጉሮሮ ደረቀ። ያን ጊዜ አባ ኤሊ ከምንጩ በቅል ውሃ አስቀዱና ዝንጀሮ ፊት አስቀመጡ።

«ውሃው ምንም አልሆነም ብለሃል። በል ጠጣና ሁላችንም ወደ ቤታችን እንግባ።»

ዝንጀሮ ቅሉን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። «አልጠማኝም» አለ፤ ከንፈሩ ግን ተሰነጣጥቋል።

«ጠጣ።»

እንደገና አነሣ፤ ወደ አፉ ግን አላስጠጋውም። «ቆይ ትንሽ ይቀዝቅዝ» አለ።

«ጠጣ አልኩህ!»

ዝንጀሮ ቅሉን ወረወረው። «አልጠጣም! የድንጋዩን ፈሳሽ አውቀዋለሁ፤ አንጀት ይበጥሳል!»

«እንግዲህ ወፍ ሳይሆን የገዛ አፍህ ነገረን» አሉ አባ ኤሊ። «አንቺ ቀበሮ፣ ሽጠሽ ስታበቂ ደጅሽን ዘጋሽበት። ቦራም ብትሆኚ ልጅሽ የምትጠጣበት ምንጭ ዳር የጣልሽው አንቺው ነሽ።» ቦራ አንገቷን ደፋች። «ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የገዛ ይመልስ፣ የሸጠ ይቀበል፣ የሠራ ይረከብ። አሮጌውን አልቀበልም ያለ ሱቅ አዲሱን አይሸጥም!»

ዝንጀሮ እያፈረ የሬዲዮውን ሆድ ከፈተ። የፈሰሰውን ድንጋይ አውጥቶ በገንቦ አሸገው፤ የተበከለውንም አፈር ዛቀ። ሬዲዮው «እፎይ! ሆዴ ቀለለኝ!» አለ። ቀበሮ በሯ ላይ የተጻፈውን ፍቃ «አሮጌ ዕቃ እንቀበላለን» ብላ ጻፈች። ለጥጃዋም ምንጩ እስኪጠራ ድረስ ከላይኛው ወንዝ ውሃ ተቀዳላት። ቀስ በቀስ ሆዷ ጎደለ፣ ቆማ ሄደች። ቦራ እየላሰቻት በደስታ አለቀሰች።

ዝንጀሮም የሬዲዮውን መዳብ ሲያወጣ በራሱ ሳቀ። «እኔ ሞኙ! መዳብ ፍለጋ ተራራ ለተራራ ስንከራተት፣ ለካስ ደጄ ድረስ ሊመጣልኝ ሲለምነኝ ኖሯል!» በዚያው መዳብ ሬዲዮውን እንደ አዲስ ሠራውና ዘፈኑ ተመለሰ።

ሬዲዮው ቦራ በረት ደጃፍ ላይ ተሰቀለ። ጥጃዋ ስትቦርቅ ሲያይ ድምፁን ከፍ አደረገላት።

«ደግሞ ስታረጅስ?» አለችው ጥጃዋ።

«አሁንማ የምገባበት ደጅ አለኝ» አላት።

ከዚያ ወዲህ «የሠራ እጅ ይረከብ፣ የሸጠ ደጅ ይቀበል» ይባላል። እኔም ተረቴን ለእናንተ ሰጠሁ። ሲያረጅባችሁ ምንጭ ዳር እንዳትጥሉት፤ ለእኔው መልሱልኝ። ዳቦ ከታከለበትማ እሰየው!