ታመው የማይተኙ ወንዶች

አንድ እህል ነጋዴ ነበር። የተወለደበት ቤት ወንዶች በጥንካሬያቸው የታወቁ ናቸው፤ ጉንፋን እንኳ አይደፍራቸውም። ግን አብዛኞቹ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላቸው መንገድ ላይ ወይም ሥራ ላይ ድንገት ይወድቁና በዚያው ይቀራሉ። ዘመድ አዝማዱም ከለቅሶው በኋላ ደረቱን ነፍቶ፣ «የእኛ ቤት ወንድ ታሞ አይተኛም» ይላል። እንግዲህ ሰው በሞትም ይኮራል።

ነጋዴው እንዲሁ ድንገት የወደቀ ታላቅ ወንድሙን ቀበረ። በማግስቱ ድንኳን ውስጥ ያው ፉከራ ሲደገም ሰማና ደሙ ፈላ። ሐዘኑ እንዳለቀ ሐኪም ዘንድ ሄደ።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አለው ሐኪሙ።

«ምንም አያመኝም። የመጣሁትም ለዚሁ ነው። በእኛ ቤት ሰው ካመመው በኋላ ጊዜ የለውም።»

ሐኪሙ ደሙን አስመረመረ። ኮሌስትሮሉ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። ነጋዴው ግራ ገባው።

«እኔ እኮ ቀጭን ነኝ። ይሄ የወፍራም ሰው ጣጣ አይደል እንዴ?»

«ቅጥነት አያድንዎትም፤ ከወላጅ የሚወረስም አለ። ስቡ ደም ሥር ውስጥ እየተጋገረ መንገዱን ሲያጠብ ሕመም የለውም። ደግሞ ይሄ ቁጥር ብቻውን አይፈርድም። ዕድሜዎን፣ የደም ግፊትዎን፣ ስኳርዎን፣ ማጨስ አለማጨስዎን፣ የወንድምዎንም አሟሟት አብሬ አያለሁ። ሁሉም ሲታይ አደጋው ትልቅ ነው፤ ግን መቀነስ ይቻላል።»

ነጋዴው የታዘዘለትን መድኃኒት ጀመረ፤ ጮማም ተወ።

በወንድሙ ሙት ዓመት ዘመድ ሁሉ ተሰበሰበ። ከቤቱ ወንዶች ለሽምግልና የበቁት አጎቱ ብቻ ነበሩ። ጮማውን በእንጀራ ጠቅልለው ሊያጎርሱት እጃቸውን ዘረጉ።

«ይቅርብኝ፣ ጋሼ። ሐኪም ከልክሎኛል።»



«የእኔን ጉርሻ ትመልሳለህ? የአባትህን ቤት ልታዋርድ ነው? የእኛ ቤት ወንድ እንደሆነ ታሞ አይተኛም።»

«እኔ እተኛለሁ፣ ጋሼ። ተኝቼ ታክሜ እነሳለሁ። የአባቴን ቤት እወደዋለሁ፤ አሟሟቱን ግን አልወርስም።»

አጎቱ ሊቆጡ ሲሉ የሟች ሚስት ከሴቶቹ መካከል ተነሳች።

«እኔ ባሌ ታሞ ቢተኛልኝ ነበር የምፈልገው» አለች። «አስታምመው ነበር። ውሃ እንኳ ሳላቀብለው ነው የሄደው። ይሄን ፉከራ ከእንግዲህ በእኔ ደጅ አልሰማም።»

አጎቱ ጉርሻውን ትሪው ላይ አስቀመጡት።

ወገኔ፣ ሕመም አለመሰማት የጤና ምስክር አይደለም። በዘር የመጣውን ሁሉ ዕጣዬ ነው ብሎ አንገትን መድፋትም ጀግንነት አይደለም። በደምህ ውስጥ ያለውን ማወቅ፣ ካወቅህም በኋላ ሰው ምን ይለኛል ሳትል መታከም፣ እሱ ድፍረት ይጠይቃል። «ጤነኛ ነኝ» የምትለው ተመርምረህ ነው ወይስ እስካሁን ስላልወደቅህ?