ለቅሶ ላይ የመጣው ጊታር

አርባ ዓመት ሙሉ በሙሾዋ ስንቱን ያስለቀሰች አንዲት አልቃሽ ነበረች። አንድ ቀን ለቅሶ ድንኳን ገብታ ሙሾ ማውረድ ስትጀምር፣ የሟች የወንድም ልጅ ግርማቸው ኤሌክትሪክ ጊታሩን ከነድምፅ ማጉያው ይዞ መጣና አስቆማት።

«ያንቺ ዜማ አራት ድምፅ ብቻ ነው። እኔ በሰከንድ ሃያ እመታለሁ!» አላት።

ሴትዮዋ ቁጭ አለች። ጊታሩ ተንጣጣ። ደረት የሚደቁት ሰዎች ምቱን እንከተል ብለው በሁለት እጃቸው ቢጣደፉም አልደረሱበትም፤ አንዱማ ደረቱን እያሻሸ ውሃ ስጡኝ አለ። ግርማቸው ሲጨርስ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንባ ጠብ አላለም።

በሽቆ ወደ አልቃሿ ዞረ። «ማልቀስ ሥራሽ አይደል? ወይ አሁኑኑ አልቅሺ፣ ወይ ሙዚቃ አይገባኝም ብለሽ በሰው ፊት ተናገሪና ሁለተኛ እዚህ ሰፈር ለቅሶ እንዳትቆሚ!»

ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ቀና አለች።

«ልጄ፣ እንባዬማ ገና ስትጀምር ተነሥቶ ነበር፤ ዓይኔ ጋ ሲደርስ ግን አንተ ጨርሰህ ቁጭ ብለሃል። ምነው ትንሽ ብትጠብቀን? ሦስት ዓመት አልጋ ላይ የማቀቁት አጎትህ እንኳ እንዲህ ተጣድፈው አልሄዱም።»